ቂም ያለቀበት ጥናት

ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ ያላችሁት ሰው ወይ ከፊታችሁ ይሸሻል፣ ወይ ሕልሙን ይነግራችኋል። መሐል ላይ የሚቆም እስካሁን አላጋጠመኝም። አከራዬ እትዬ ሙሉ ሕልም ነጋሪ ናቸው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ስደርስ ያደሩበትን ሁሉ ይዘረግፉልኛል፤ ፍቺው ካልጣማቸው ደግሞ «እና ምኑን ነው የተማርከው?» ይሉኛል። የሰፈራችን ባለሱቅ ከሸሺዎቹ ነው። ስገባ ዓይኑን ቶሎ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፤ ሐሳቡን እንዳላነብበት መሆኑ ነው። እኔ እዚያ ሱቅ ገብቼ የማነበው ነገር ቢኖር የብስኩቱ ጊዜ ማለፍ አለማለፉን ነው። የሰው ሐሳብ ማንበብ ብችልማ ከጌታሁን ጋር ባልተኳረፍኩ ነበር።

ጌታሁን የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው። አበልጄም ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ኮሌጃችን ያለበትን ከተማ ስም አልጠራም፣ ብርዱን ስነግራችሁ ግን መንዝ መሆኑ አይጠፋችሁም። እዚህ አገር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ በናፍቆት ነው የምትጠበቀው። በጋራ ቢሯችን ደግሞ የምትገባው በአንዲት መስኮት ብቻ ነው፤ ከመስኮቷ ሥር ያለው ወንበር የእኔ ነበር። ጌታሁን ኃላፊ በሆነ ማግስት ወንበሩ የኃላፊ ወንበር ሆነና እኔ በሩ አጠገብ ተመደብኩ። በሩ አጠገብ ማለት ከጓሳ ተራራ የተነሳ ንፋስ ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ግድ ሲሆን በጸሐፊዋ በኩል እንላላካለን። ምስኪን፣ ሁለታችንም በምንሰማበት ክፍል መሐል ተቀምጣ «የፈተናውን ውጤት ያምጣ ብሏል»፣ «አልደረሰም በይው ብሏል» ስትል ትውላለች። አንዳንዴ ደክሟት ዝም ስትል እኔ መልሴን ለግድግዳው እናገራለሁ፤ እሱም ለመስኮቱ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ሁለታችንም «የግጭት አፈታት» የሚባል ትምህርት እናስተምር ነበር፤ እኔ ለቀን ተማሪዎች፣ እሱ ለማታዎቹ።

በዚህ መሐል ኮሌጁ መመሪያ አወጣ። እያንዳንዱ መምህር ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ጋር ሆኖ በአካባቢው ሕዝብ ችግር ላይ ምርምር ይሥራ፣ በዓመቱ መጨረሻም በዐውደ ጥናት ላይ ያቅርብ ተባለ። ያላቀረበ ተማሪ አይመረቅም፤ ያላቀረበ መምህር ዕድገት አያገኝም። እኔ ረዳት ፕሮፌሰርነትን ስጠብቅ ጸጉሬ ሳስቷል። አማቴ «ለረዳትነት ነው ይህን ሁሉ ዘመን የምትለፋው? ዋናው ሲሆንማ ምን ልትሆን ነው?» እያሉ ያሽሟጥጡኛል። ስለዚህ የዘንድሮው ምርምር ለእኔ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። «ቂም በአእምሮ ጤና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ» አልኩ። ሰው የሚያውቀውን ቢያጠና ምን ነውር አለው? የገምጋሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጌታሁን መሆኑ ትንሽ ቢያሳስበኝም ርዕሱን አይቶ ምንም ሳይል ፈረመ። «ከራሱ ይጀምር» ብሏል የሚል ወሬ በጸሐፊዋ በኩል ደርሶኛል፤ ይሁን እንጂ ወሬ መረጃ አይሆንም።

የደረሰችኝ ተማሪ ሰዓዳ ትባላለች። ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት። በዚያ ቆላ ሙቀት ውስጥ ያደገች ስለሆነች ለመንዝ ብርድ ሹራብ በሹራብ ደርባ ነው የምትመጣው፤ ከፊቷ በቀር የሚታይ ነገር የላትም። ጥናቱን አስረዳኋት። ቂም ያለባቸውን ሰዎች እንፈልጋለን፣ እንቅልፋቸውን፣ የምግብ ፍላጎታቸውን፣ ንዴታቸውን እንለካለን፤ ከፋሲካ በኋላ ወደነዚያው ሰዎች ተመልሰን ደግመን እንለካለን። ሰዓዳ በጥሞና ሰማችኝና እንደ ነጋዴ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ዕቃው እስከዚያ ይቆያል ወይ፣ መምህር?»

ቂም እንደ ማር ነው፣ ቢያድር ይጥማል እንጂ አይበላሽም አልኳት። መምህር ነኝና ጻፈችው።

ከጓሳ ሥር ወዳለች አንዲት መንደር ወረድን። መጀመሪያ ያገኘናቸው ጋሽ ጥላዬን ነው፤ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ደረስንባቸው። ሰላምታውም፣ የቤተሰቡም፣ የከብቱም ደህንነት ካለቀ በኋላ መጠይቄን አውጥቼ «በአሁኑ ጊዜ የተቀየሙት ሰው አለ?» አልኳቸው። ሽማግሌው አተኩረው አዩኝ። ከዚያ በሬዎቹን ለጎረቤት አስረከቡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እኔንና ሰዓዳን የድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጡንና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጋሽ ደምሴ የጋሽ ጥላዬን አውራ በግ ለዘር ተውሰው ወሰዱ፤ እንደ ሰንጋ የነበረውን በግ አጥንቱን አስቆጥረው መለሱት። እነሆ ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ በአንድ ጽዋ አይጠጡም።

እኔ በደስታ መጠይቄን ገለጥኩ። ቂምዎን ከአንድ እስከ አምስት ቢመዝኑት ስንት ይሆናል አልኳቸው። እንደ ወራቱ ነው አሉ። በክረምት ሥራ ስለሚበዛ ሁለት ቢሆን ነው፤ እንዲህ አዝመራው ገብቶ እጃቸው ሲፈታ አምስት ይሞላል። ሰዓዳ የቱን ልጻፍ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። አማካዩን አልኳት።

ወንዙን ተሻገርንና ጋሽ ደምሴን አገኘን። እሳቸውም ያንኑ በግ ከሥሩ ጀመሩልን። «ለሥራ የሄደ አውራ ሰብቶ ይመለሳል እንዴ?» ነበር ክርክራቸው። ነገሩ ከሳይንስ አንጻርም የሚያስኬድ ነው። ጋሽ ደምሴ ግን ቁጥብ ሰው ሆኑብኝ፤ እንቅልፍዎ እንዴት ነው ስላቸው «ይመስገን»፣ ምግብስ ስላቸው «ይመስገን» ይላሉ። መጽሐፎቻችን ጠያቂው ከራሱ ጥቂት ቢያካፍል ተጠያቂው ይፈታል ስለሚሉ እኔም ከራሴ አካፈልኳቸው። እኔም ከአበልጄ ጋር ተኳርፌያለሁ፣ ወንበሬን ወስዶብኛል አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የአበልጄን ስም ጠየቁኝ፤ የቱ ክፍል እንደሚቀመጥም ጠየቁኝ። ለጨዋታ መስሎኝ ነገርኳቸው።

ስንመለስ፣ አንድን ጠብ ከሁለቱም ወገን መለካት ስንት ተመራማሪ ተመኝቶ ያላገኘው ነገር ነው እያልኩ ሰዓዳን አደነቁራት ነበር። ጋሽ ደምሴ ከኋላችን ሲጣሩ ሰማን። በትራቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡና «ቀኑን ለመቼ አላችሁት?» አሉ። የምን ቀን ነው አልኳቸው።

«የእርቁን ነዋ። እሱን ሰማህ፣ እኔን ሰማህ። ካንተ ሌላ ማን ሊያስቀምጠን ነው?»

ለካ በእነሱ ዘንድ የሰው ጠብ ለጨዋታ አይጠየቅም። አንዱን ወገን የሰማ እንግዳ ነው፤ ሁለቱን ወገን የሰማ ሽማግሌ ነው። ሁለቱንም ሰምቶ ዝም ብሎ የሄደ ደግሞ ነገር አመላላሽ ነው፣ ነገር አመላላሽ ሁለተኛ በር አይከፈትለትም። እኔ ለመለካት ብቻ ነው የመጣሁት ብዬ ብዙ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጋሽ ደምሴ በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል» አሉ። ከፋሲካ በኋላ ወደዚህ መንደር መመለስ ግዴታዬ ነው። በሩ እንዳይዘጋብኝ አንድ ጥንድ ቂም ብከስር ምንም አይደለም ብዬ እሺ አልኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀመጥን። ከግራና ከቀኜ የአገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ስለ ንዴት አመጣጥና ስለ አእምሮ ዕረፍት ሰፋ ያለ ንግግር አደረግሁ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት አዳምጠው «ጎሽ፣ ዕድሜ ይስጥልን» አሉና ወደ ሥራቸው ገቡ። ነገሩ ከወዲህም ከወዲያም ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተመዘነ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ተሸክመው ጎንበስ ሲሉ ጋሽ ጥላዬ ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱ፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉና ተቃቀፉ። ነገሩን ዳግም ያነሳ ሰው ዘሩ አይብቀል፣ ከብቱ አይርባ ተብሎም ታሰረ፤ ማሰሪያውን የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌዎቹ ቃል በቃል እያቀበሉኝ። ያን ቀን ስለ ጥናቴ ጨርሶ ረሳሁ። እንባዬ መጣ፤ ሰዓዳም ፊቷን ሹራቧ ውስጥ ቀበረች።

ችግሩ ዝናችን ነው። «ከኮሌጅ የመጣ ሽማግሌ አለ፣ ደግሞ ሰው ሲናገር አያቋርጥም» ተባለልኝ። በሚቀጥለው ስንሄድ ቂም ያለው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ናሙናው በእግሩ መጣልን ብዬ ሰዓዳን እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። የአገሩ የጋራ ጥብቅ ሣር መሬት የሆነው ጓሳ ሳይከፈት ሣር አጭደሃል፣ አላጨድኩም ተባብለው የተቆራረጡ ወንድማማቾች መጡ። ማኅሌት ማን ይምራ በሚል የተኳረፉ መሪጌታና ዲያቆን መጡ። አንዲት መበለት ከሞተ ባላቸው ጋር መታረቅ እፈልጋለሁ ብለው መጡ፤ የሟቹን ወንድም በባልዬው ቦታ አስቀምጠን ሴትዮዋ የሆዳቸውን ሁሉ ተናገሩት። ወንድምዬው ያላደረገውን ሁሉ ሰምቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሳቸውም ይቅር አሉት፤ ተመልካች ሁሉ አለቀሰ።

እናንተ ደርሳችሁበት ይሆናል፣ እኔ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። የለካሁትን ሁሉ ማስታረቅ አለብኝ። ባስታረቅሁ ቁጥር ደግሞ የምለካው አንድ ቂም ይጠፋል። ግን እንዴት ልተው? ጋቢ አለበሱኝ። ስመጣ ሰው ሁሉ ብድግ ይልልኛል። ኮሌጅ ውስጥ በር አጠገብ የተወሸቅሁ ሰውዬ እዚያ ጥድ ሥር መሐል ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ባለቤቴ ሽንት ቤት ማን አለ ብላ ስታንኳኳ እንኳ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የምመልሰው ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ ለሁለተኛው ልኬት ወረድን። ጋሽ ጥላዬን ቂምዎ አሁን ከአምስት ስንት ነው አልኳቸው። የምን ቂም አሉኝ። የበጉ ነዋ ስላቸው ደንግጠው ግራ ቀኙን አዩና እጃቸውን አፌ ላይ ሊያደርጉ ምንም አልቀራቸው። ነገሩን ያነሳ ምን እንደሚሆን አንተው አይደለህ እንዴ ያሰርከው፣ ዘራችንን ልታስፈጅ ነው ወይ አሉኝ። ወንድማማቾቹም እንዲሁ፣ መሪጌታውም እንዲሁ። መበለቲቱማ ጭራሽ «ሟች ነፍሱን ይማረውና መልአክ ነበር» አሉን። የዛሬውን ቂም እንዳልለካ የለም፤ የበፊቱን እንዳልጠይቅ ራሴ በመርገም ዘግቼዋለሁ። ሰዓዳ ባዶውን መጠይቅ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ዕቃው አልቋል፣ መምህር» አለች። አባቷ ለምረቃዋ ሰንጋ መርጠው እንዳሰሩ አውቅ ነበር።

የዐውደ ጥናቱ ዕለት ጠዋት ምን እንደማቀርብ ሳላውቅ ቢሮ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ጋሽ ጥላዬና ጋሽ ደምሴ ጎን ለጎን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጌታሁን ፊት ለፊታቸው እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ለገበያ ወደ ከተማ ወጥተው በዚያው ጎራ ማለታቸው ነው። እኔን ያን ጊዜ ሰምተውኛል፤ ዛሬ ጌታሁንን ሰሙ። ሁለቱን ወገን የሰማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጋሽ ጥላዬ እንድቀመጥ እንኳ አልጋበዙኝም።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም፣ መምህር? ያስታረቀን ሰው ራሱ ቂመኛ ከሆነ የእኛ እርቅ እርቅ አይደለም። አገሩ ይህንኑ ሰምቶ እያጉረመረመ ነው። ወይ ዛሬ ትታረቃለህ፣ ወይ እርቁ ፈረሰ፤ ሁላችንም ወደየነገራችን እንመለሳለን።»

ሰዓዳ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት፣ አየችኝ። ሁለታችንም የሰማነው አንድ ነገር ነው። እኔ እንቢ ካልኩ ቂሙ ሁሉ ይመለሳል። የበጉም፣ የሣሩም፣ የማኅሌቱም ቂም ከነሙሉ ጤናው ተነስቶ ይቆማል፤ የጥቂት ሳምንት ጊዜ እንለምናለን፣ እንለካለን፣ ከእርቅ በፊት፣ በእርቅ ጊዜ፣ ከእርቅ በኋላ ብለን እንጽፋለን። እንዲህ ያለ ጥናት በየትኛውም አገር ያሳድጋል። ከእኔ የሚጠበቀው ደግሞ ስንት ጊዜ የተለማመድኩትን ማኩረፍ መቀጠል ብቻ ነው። ልዋሻችሁ አልችልም፣ «አልታረቅም» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ሰዓዳ ግን ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። በል በለው አላለችኝም፣ ተው አላለችኝም።

«እስቲ ምን በደለህ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

መስኮቱንና ወንበሩን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ለልጄ ልደት ሳይመጣ ቀረ። ክርስትና አባቱ ነው። ልጁ ይመጣል እያለ በር በሩን ሲያይ ዋለ።»

ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። በቀጥታ ሲያናግረኝ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን እንጃ።

«መጥቼ ነበር» አለ። «አጥርህ ድረስ መጥቼ ነበር። ውሻው ጮኸ፣ የወጣ ሰው የለም። አውቆ ነው የዘጋኝ ብዬ ተመለስኩ። የገዛሁለት ጫማ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ አሁንማ አይሆነውም።»

ያን ቀን እኔም ውሻው ሲጮህ ሰምቼ ማን ይሆናል ሳልል ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ታናሹ ጉልበት ይሳም አሉ። ጌታሁን በጥቂት ወራት ይበልጠኛልና ጎንበስ አልኩ፤ እሱ ሊያነሳኝ ጎንበስ ሲል ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ይቅር ለእግዚአብሔር የተባባልነው ሁለታችንም ግንባራችንን እያሻሸን ነው። ነገሩን ዳግም እንዳናነሳም አሰሩን። ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ሆና በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርግ ነበር፤ ግማሹ እንኳ የድካም ዕንባ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባን። ተራዬ ሲደርስ ያለውን ተናገርኩ። ቂም ነበረ፣ ታረቀ፣ ስለታረቀ የለም፣ የነበረውንም ማንሳት አይቻልም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌታሁን ከሰብሳቢው ወንበር ላይ ሆኖ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ዓይኑ ገና እንደቀላ ነው። ተማሪዋ የምትመዘነው በሥራዋ ነው፣ ሥራዋን ሠርታለች፣ አልፋለች አለ። ሰዓዳ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። መምህሩ የሚመዘነው በውጤቱ ነው ሲል ወደ እኔ ተመለከተ።

«መረጃ የለውም፣ አበልጄ» አለኝ በጸሐፊዋ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት። «ውድቅ ነው።»

እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ረዳት ፕሮፌሰርነቴ ከዓይኔ ሥር ተነስታ ስትሄድ አየኋት፤ ለአማቴ የምመልሰውን ማሰብ ጀመርኩ።

ሽማግሌዎቹ አልሄዱም ነበር፤ ውጤቴን ሰምተው ሊሄዱ ከኮሌጁ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እንዴት ሆነልህ አሉኝ። ውድቅ ሆነብኝ አልኳቸው። ማን ነው የጣለብህ ሲሉኝ ጌታሁን አልኳቸው። ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ ደምሴ በትራቸውን ወደ አጥሩ አስጠጉና መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ በዓይናቸው መፈለግ ጀመሩ።

«ታዲያ ተጣላችሁ?» አሉኝ ጋሽ ጥላዬ።

«አይ፣ አልተጣላንም» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ከሁሉ ያንገበገበኝም አለመጣላታችን ነው፤ ዕቃው ከእኔም ዘንድ አልቋል።